የአስካለ ግራ ትከሻ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማችን በመሐል ሜዳ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እርጥብ ባና ሸተተኝ። ባና የእኛ የመንዞች የበግ ጠጉር ልብስ ነው፤ ብርዱንም ዝናቡንም የምንመክተው በእሱ ነው። ዝናብ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ሰው ሁሉ አይወደውም። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ እወደዋለሁና እፈራዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ከገጠር የመጣው ሰው ባናውን እንደለበሰ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ፣ ሽታው ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች እንደ ጉም ተኝቷል። እዚያው እንደተቀመጥኩ ሄድኩ። መሐል ሜዳ ውስጥ ሆኜ ወደ መሐል ሜዳ ሄድኩ፤ ወደ ሌላዋ፣ ወደ ድሮዋ።

ከቤቴ ያወጣኝ ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኖ ከእኔ አጥር ቀጥሎ ይኖራል። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም ሐዋሳ ሥራ ይዞ እዚያው ከቀረ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ እሱ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። አንዳንድ ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት የማወራው ከሬዲዮው ጋር ነው። ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል «አብሮ ይስጥልን» እላለሁ፤ ከዚያ ሰው የሰማኝ ይመስል አፍራለሁ። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ከሬዲዮው ጋር ሳለሁ ብርሃኑ ብቅ አለ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ውዝዋዜ ያሳያሉ። ዘመናዊ ውዝዋዜ ነው። ይምጡ እንጂ።»

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«እርስዎ ድሮ ኪነት ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ማነው ያለህ?»

«ሰው ነዋ! ከተማው ትንሽ አይደል?» ብሎ ሳቀ።

ኪነት የሚለውን ቃል በዚያ ትርጉሙ ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! የዛሬ ልጆች አያውቁትም። በእኛ ጊዜ እያንዳንዱ ቀበሌ፣ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ የዘፈንና የጭፈራ ቡድን ነበረው፤ እሱ ነው ኪነት የሚባለው። ዓመቱ ይህ ነው ብዬ አልናገርም። ማን ወጣ ማን ወረደ የሚለውም ጭንቅላቴ ውስጥ ተደበላልቋል። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ፓስቲው ያኔ እጅ ይሞላ ነበር። የወንዶቹ ሱሪ ከጉልበት በታች ተዘርፍጦ መንገድ ይጠርጋል። እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻርፕ አገጫችን ሥር አስረን፣ ነጭ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ አጥቅሰን እንወጣለን። ጠመኔው ከትምህርት ቤት የተሰረቀ ነው፤ በኋላ መምህር ሆኜ ጠመኔ ሲጠፋብኝ ማንንም ልጅ ያልተቆጣሁት ለዚያ ነው። አውቶቡሱ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ የሚቆመው ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ዛፉን ቆርጠውት ዛሬ ቦታው ላይ የሞባይል መጠገኛ አለ። ከዛፉ ማዶ ያለው ሻይ ቤት የከተማዋ ብቸኛ ቴፕ ነበረው። ካሴቱ ሲጎተት ባለቤቱ አውጥቶ ክሩን በእስክሪብቶ ያጠነጥናል፤ እኛም በሩ ላይ ቆመን ያቺ ዘፈን ከተቋረጠችበት እስክትቀጥል እንጠብቃለን። የምንገባበት ገንዘብ ስለሌለን በሩ ላይ ነበር የምንሰማው።

አስካለን ያወቅኋት እዚያ በር ላይ ነው። እኔ ከዘመሮ፣ እሷ ከሞላሌ በኩል ለትምህርት መጥተን ነበር። በዓመቱ አንድ ክፍል ቤት አብረን ተከራየን። የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው የጓሳ ሣር፣ ወለሉ አፈር። እኔ ከቤቴ ይዤ የመጣሁት ስስ ጋቢ ነበርና የእሷን ባና ለሁለት ለብሰን እንተኛለን። የመንዝ ብርድ ደግሞ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ በጥቅምት ውርጩ ውሃውን እንስራው ውስጥ ያጋግረዋል። ዝናብ መትቶን ከገባን ባናው ሌሊቱን እላያችን ላይ እየሸተተ ይደርቃል። አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ ስል፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ ሌላ አልነበረኝም ማለቴ ነው።

የኪነት ልምምዳችን ከትምህርት በኋላ በእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። አሠልጣኛችን ጋሽ ወርቁ የሚባል ከበሮ መቺ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ቁጣው ረጅም። እስክስታ መውረድ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም፤ ሁላችንም እንወርድ ነበር። የአስካለ ግን ሌላ ነበር። ከበሮው ሲጀምር እሷ አትጀምርም። ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሰው «ረሳችው እንዴ?» ማለት ሲጀምር ግራ ትከሻዋ ብቻውን ይነቃል። ቀኙ ፀጥ እንዳለ ነው። ግራው ይሰበቃል፣ ይሰበቃል፣ ከዚያ ቀኙ ሳይታሰብ ይከተላል፤ ያኔ መጋዘኑ ይናወጣል። ጋሽ ወርቁ አንድ ቀን ከበሮውን አቁሞ «አንዱን አስተኝተሽ አንዱን የምትቀሰቅሺው ማን አስተምሮሽ ነው?» ቢላት፣ «ብርዱ ነው ጋሼ። ሌሊት ሙሉ ባናውን ትጎትተዋለች፤ ግራ ጎኔን ሲያንቀጠቅጠው ያድራል» አለችው። እንዲያ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አጠገቧ ቆሜ ስጨፍር እኔም ጥሩ ነበርኩ፤ ጥሩ ነሽ ብለውኛል። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነው። ይህንን ያኔ አላውቀውም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ቀን ከበላይ ሰዎች መጡ። በዋናው ከተማ ትልቅ በዓል ሊከበር ነውና ከየቦታው ወጣት ይመረጣል፤ ከእኛ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሥልጠናው ወራት ይፈጃል፣ ጎበዝ ከሆነችም እዚያው ተቀጥራ ትቀራለች ተባለ። ሴቷ አስካለ እንደምትሆን ከጋሽ ወርቁ እስከ መጋዘኑ ዘበኛ የማያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ከምንጭ ውሃ ቀድተን ስንመለስ አስካለ እንስራዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ ሽማግሌ ተቀብሏል» አለችኝ። «ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት ነው። ከሞላሌ ወዲያ ብዙ በግ አለው አሉ። ከአባቴ በዕድሜ ቢያንስ ትንሽ ነው።»

እንስራዬን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ከተመረጥኩ መንግሥት ወሰደኝ እላለሁ። አባቴ ከመንግሥት ጋር አይጣላም። ሌላ መውጫ የለኝም፣ ሙሉ።»

«ማርያምን፣ አልናገርም» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ከመራጮቹ አንዱ፣ ቦርሳ የያዘ ጠይም ሰው፣ ቢሮ አስጠራኝ። ወንበር እንኳን ሰጠኝ። «አብራሽ የምትኖረው ልጅ ታጭታለች የሚል ወሬ አለ» አለኝ። «የታጨች አንወስድም። ሥልጠናው መሐል ላይ ዘመድ መጥቶ ይጎትታታል። እውነት ነው?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሐሰት ነው ማለትም እችል ነበር። አልቆጣኝም፣ አላስፈራራኝም፤ ብዕሩን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። በመስኮቱ በኩል ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይታየኛል።

«አዎ፣ ታጭታለች» አልኩ።

«አንቺስ?»

«እኔ አልታጨሁም።»

ጻፈ። አለቀ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ጠይቄአለሁ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ሰው ምን እንደምትናገር ታውቃለች። እውነቱን ብናገር፣ አንድ ጊዜ እሷ በሌለችበት ሰው እኔን እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ዝርዝሩ ሲነበብ አስካለ አጠገቤ ቆማ ነበር። ስሜ ሲጠራ ዞር ብላ አየችኝ። ነገሩን ከራሷ አፍ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝና ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወደ ክፍላችን ሄዳ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ስትወጣ ባናውን አልጋው ላይ ተወችው። ባናው የእሷ ነው። ተከትዬ «ባናሽን!» ብላት መንገዷን ቀጠለች። ወር ሳይሞላ ዳሯት።

እኔ ከተማ ሄድኩ። ሦስት ወር ሙሉ በፀሐይ አሠለፉን። በበዓሉ ቀን ከሺ ሰው መሐል፣ ከኋላ በኩል ሃያኛው ረድፍ ላይ ቆሜ፣ ፊሽካ ሲነፋ ቢጫ ጨርቅ ወደ ቀኝ፣ ፊሽካ ሲነፋ ቢጫ ጨርቅ ወደ ግራ አወዛወዝኩ። እስክስታ የሚባል ነገር አልነበረም። ከፊቴ የቆመው ልጅ ረጅም ስለነበር እኔ ያየሁት ማጅራቱን ብቻ ነው። በሳምንቱ በመጣንበት መኪና መለሱን። ለማንም እንዲህ ነበር ብዬ አልተናገርኩም፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ጥሩ ነበር» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ጨፍሬ አላውቅም፤ በራሴም ሠርግ ላይ ቢሆን። ሙሽራዋ ዓይን አፋር ናት ብለው ተዉኝ።

አስካለን ከዚያ ወዲያ ያየኋት አንዴ ነው። መምህር ሆኜ ጥቂት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ለሥራ ሞላሌ ሄጄ በገበያው መሐል ሳልፍ፣ ጨው ሻጭ ፊት ቆማለች። ልጅ አዝላለች። ከስታለች፤ ቢሆንም አቋቋሟ ያው ቀጥ ያለው ነው። እኔ የከተማ ካፖርት ለብሻለሁ። በመካከላችን የጨው ሻጩ ዘንቢል ብቻ ነበር። አየችኝ፤ አይታኝ ቆየች። አፌን ልከፍት ስል ወደ ሰውየው ዞራ «ጨው እንዴት ነው ዛሬ?» አለችው። ከነገራት በኋላ ገዝታ ሄደች። ከመሐል ሜዳ ሞላሌ በመኪና ቢሄዱበት ምን ያህል ነው? እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የሚወስደኝ ጉዳይ ቢመጣ ሌላ ሰው እንዲሄድልኝ እለምን ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ያ ሽታ ይህን ሁሉ ይዞብኝ መጥቶ ሳለ ሰባት ተማሪዎች መድረክ ላይ ወጡ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ግራጫ ሸሚዝና ግራጫ ሱሪ፣ ወንዱም ሴቱም አንድ ዓይነት። ከበሮ የለ፣ ክራር የለ። ከአንድ ላፕቶፕ የሚመጣው የንፋስ ድምፅ ነው፤ ውጪ ያለው ንፋስ መስሎት በር ሊዘጋ የተነሣ ሰው ነበር። ከዚያ መውደቅ ጀመሩ። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ያነሣዋል፣ ያነሣው ራሱ ይወድቃል። ከኋላዬ ያሉ ሽማግሌ «ምን ሆነው ነው? በልተው አልመጡም?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልጆቹ ግን አልደነገጡም። ቀጠሉ፤ ሲቀጥሉ ሳቁ እየሳሳ መጣ። አንድ ረጅም ልጅ ሌላውን ጀርባው ላይ አዝሎ በዝግታ ሲያልፍ እኚያው ሽማግሌ «አይ የታመመ ሰው…» አሉ። ሐኪም ቤት ሰው ተሸክሞ ያልወሰደ መንዜ የለምና ነገሩ ገባን።

ቀጥሎ ስድስቱ ወደ ግድግዳው ተጠግተው አንዲት ቀጭን ልጅ መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች። ማሲንቆ መጣ። አልጀመረችም። ማሲንቆው እየሄደ ነው፣ እሷ ቀጥ ብላ ቆማለች። አጠገቤ የተቀመጠው ብርሃኑ «ረሳችው መሰለኝ» ብሎ በጆሮዬ ሲያንሾካሹክ፣ እኔ ሳላውቀው ክንዱን ጨብጬ ነበር። ግራ ትከሻዋ ብቻውን ነቃ።

ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ብርሃኑ መድረኩ ላይ ወጥቶ ጥያቄ ካለ አለ። አንዱ መውደቁ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፤ ልጅቱ «እኛንም እናቶቻችን ይኸንኑ ይጠይቁናል» ብላ አሳቀችው። እኔ ጥያቄዬን እዚያ መጠየቅ አልቻልኩም። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ከመድረኩ ጀርባ ገባሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጠልቃለች።

«ልጄ፣ ያን ትከሻ ማን አሳየሽ?»

«አያቴ ናት፣ እማማ። ሞላሌ ነው ያለችው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አስይዛኛለች።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው? ያውቋታል እንዴ?»

«አስካለ ናት?»

ልጅቱ ብድግ አለች። ስሟ ቤዛ ይባላል። በደስታ እጄን ይዛ ታወራልኝ ጀመር፤ አያቷ ዐይኗ ከጠፋ አራት ዓመት እንደሆነው፣ ዛሬ ለማምጣት ብትለምናት «ለማላየው ነገር አልንገላታም» እንዳለቻት። ስለ እኔ ምንም እንደማታውቅ ገባኝ። «አብረን ነበርን፣ ኪነት» ብቻ አልኳት። ሳልከለክላት ስልኳን አውጥታ ደወለች። «እምዬ፣ አንዲት የድሮ ጓደኛሽ ናቸው፣ እንኪ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ዕቃዋን ልትሰበስብ ሄደች።

«ሃሎ» የሚል ድምፅ መጣ። ጎርነን ብሏል።

«አስካለ» አልኩ። «ሙሉ ነኝ።»

 ከወዲያ ዶሮ ሲያስካካ ይሰማኛል። ዘግታው ይሆን ስል «አወቅሁሽ» አለች። «ስሜን ስትጠሪ ነው ያወቅሁሽ።»

«አስኩዬ፣ እኔ ያኔ…»

«ቆይ። ልጅቱ ጨፈረች?»

«ጨፈረች።»

«አየሻት?»

«አየኋት።»

«እኔ አላየኋትም። ይህንን የጀመረችው ዐይኔ ከጠፋ በኋላ ነው። ምን ታደርጊያለሽ ስላት “እምዬ፣ በቃል አይነገርም” ትለኛለች። አንቺ መምህር ሆነሻል አሉ። ንገሪኝ።»

ነገርኳት። የንፋሱን ድምፅ፣ የመውደቁን፣ የሽማግሌውን ቀልድ ሳይቀር ነገርኳት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሳቀች። ልጅቱ ማሲንቆውን አሳልፋ መቆሟን ስነግራት «አሳልፋ?» ብላ ጠየቀች፤ «አሳልፋ» አልኩ። ግራው እንደነቃ፣ ቀኙ እንደዘገየ ነገርኳት። ከዚያ ማሲንቆው በድንገት እንደቆመ፣ ልጅቱም እያለከለከች ወደ መድረኩ ጫፍ እንደመጣች፣ በእኛ ራስ ላይ አሻግራ የአዳራሹን በር እንዳየች፣ ብዙ እንደቆየች፣ ሰውም ዞሮ ዞሮ በሩን እንዳየ ነገርኳት።

«ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም። ከዚያ አለቀ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ «አስካለ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ ጾሜ ይቅር ብዬሻለሁ። ሰውየውም ክፉ አልነበረም፤ ነፍሱን ይማር። ልጆች ወልጄበታለሁ።»

«እንግዲያው ልምጣ። ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ…»

«አትምጪ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«አትምጪ፣ ሙሉ። አንቺ ያኔ ከተማ ሄደሽ ያየሽው ነገር አለ። ከመጣሽ ትነግሪኛለሽ፤ ባትነግሪኝም አጠገቤ ተቀምጠሽ እሱን ስታስቢ እሰማሻለሁ። እኔ እሱን አልችለውም። እዚያው ሆነሽ ደህና ሁኚልኝ።»

ምንም አላየሁም ልላት አፌ ላይ መጣ። ማጅራትና ቢጫ ጨርቅ ነው ያየሁት ልላት። ግን ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ትልቅ ነገር እንደቀረባት አድርጋ ይዛዋለች፤ በእኔ ቃል የቀረባት ነገር ባዶ እንደነበረ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ዋጥኩት።

ውጪ የተማሪዎቹ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ቤዛ ቦርሳዋን አንግታ መጣችና ስልኳን ለመቀበል አጠገቤ ቆመች። ለአስካለ «እሺ» አልኳት፤ «እንዳልሽ።»

«አንድ ነገር» አለችኝ። «መጨረሻውን እንደገና ንገሪኝ።»

መኪናው ሁለተኛ ነፋ። ልጅቱን በእጄ ትንሽ ቆዪ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ማሲንቆው ቆመ አልኳት፤ ከዚያ ልጅቱ ወደ ፊት መጣች። ለትንሽ ልጅ እንደማስረዳ ቀስ ብዬ፣ አንድም እርምጃ ሳልዘል ነገርኳት፤ ስጨርስ ስልኩ እንደሚዘጋ አውቄያለሁ።